የሐረር ኪታብ ጠራዦችና በየቤታችን ያለው አደራ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



እኛ የአቃቂ ቃሊቲ ሰዎች የቀድሞውን የባቡር ሐዲድ በደንብ እናውቀዋለን። ከጅቡቲ የተነሳው ይህ መስመር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1917 ደግሞ በአቃቂ በኩል አድርጎ አዲስ አበባ ገባ። ባቡሩ ግን ሐረርን ወደ ጎን ትቷት ነበር ያለፈው። ለብዙ ዘመናት ከዘይላ ወደብ በግመል ቅፍለት ጨርቅና ወረቀት ይገባባት የነበረችው ከተማ ንግዷ ወደ ድሬዳዋ ዞረባት። ዛሬ የምናነሳው በዚያ የባሕር መንገድ በመጣው ወረቀት ስላደገው የኪታብ ጥረዛ ሙያ ነው።

ሐረር በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ባሠሩት ግንብ የታጠረች የዒልም ከተማ ናት። በውስጧ ቁርኣን የሚገለብጡ ጸሐፊዎችና የሚጠርዙ ባለሙያዎች ነበሩ። ጠራዡ ወረቀቱን በክር ሰፍቶ በቆዳ ያለብሰዋል፤ ቆዳውን በቅርጽ ማውጫ እየተጫነ ያስጌጠዋል፤ የገጾቹን ጠርዝ ከአቧራ የሚሸፍን ታጣፊ ክዳንም ይጨምርበታል። በዚህ ሥራ ጌጡም ጥበቃውም አንድ ላይ ነበር፤ ሁለቱም ለአላህ ቃል የሚሰጥ ክብር ናቸው። ኪታቦቹም በዐረብኛ ቋንቋ የተጻፉ ብቻ አልነበሩም። ኪታብ አል-ፈራኢድን የመሰሉ በዐረብኛ ፊደል በሐረሪ ቋንቋ የተጻፉ ይገኙበታል።

በኋላ በመኪና የታተሙ ኪታቦች ከግብፅና ከህንድ እየገቡ ሲበዙ የገልባጩም የጠራዡም ሥራ ቀዘቀዘ። ሙያው ከአባት ወደ ልጅ መተላለፉ ተቋረጠ።

ይህን ክፍተት የሞላው አንድ ሰው ነው። አቶ አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ የተባሉ የሐረር ተወላጅ የድሮ ካሴቶችን፣ ሳንቲሞችን፣ አልባሳትን፣ የእናቶችን የስፌት ሥራና የእጅ ጽሑፍ ኪታቦችን መሰብሰብ ያዙ። እ.ኤ.አ. በ1998 በገዛ ቤታቸው ሙዚየም ከፈቱ፤ በ2007 የራስ ተፈሪ መኖሪያ የነበረው ቤት ለሙዚየሙ ተሰጠ። የኪታቦቹ ብዛት ከአንድ ሺህ ይበልጣል። የተረሳውን የጥረዛ ሙያም መልሰው አስነሱት፤ ለወጣቶች አስተማሩት።

ዩኔስኮ የሐረር ጀጎልን በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በ2006 ነው። የስድስቱን የሸዋል ጾም ተከትሎ የሚከበረውን ሹዋሊድ ደግሞ በ2023 መዘገበ። የአቶ አብዱላሂ ቤት ከመጀመሪያው መዝገብ ስምንት ዓመት ቀድሞ ተከፍቶ ነበር። ቅርስ መጀመሪያ የሚድነው በቤት ውስጥ መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

ታዲያ በእኛ ቤትስ? በሰፈራችን ከወሎ፣ ከስልጤ፣ ከአርሲ፣ ከጅማ፣ ከሐረር የመጡ ቤተሰቦች አሉ። በየሳጥኑ ውስጥ አያት የጻፈው ኪታብ ወይም በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ የአማርኛ መንዙማ ይኖራል። ሲያረጅና ሲበጣጠስ ብዙዎቻችን እንቀብረዋለን ወይም እናቃጥለዋለን። ዓላማው መልካም ነው፤ የአላህ ስም በእግር እንዳይረገጥ ነው። ነገር ግን የታተመ ሙስሐፍ ቢያረጅ ሺህ ወንድሞች አሉት። በእጅ የተጻፈው ግን ምናልባት ሌላ ቅጂ የለውም፤ ከቀበርነው አብሮት የሚቀበረው የጻፈው ዓሊም ድካም ነው።

ስለዚህ ወንድሞችና እህቶች፣ ያረጀ የእጅ ጽሑፍ ስታገኙ ከመቅበራችሁ በፊት ለሚያውቅ ዓሊም አሳዩት። ማን እንደጻፈው፣ ከየት እንደመጣ፣ የማን እንደነበር በሌላ ወረቀት ጽፋችሁ አብራችሁ አስቀምጡ። ከእርጥበትና ከአይጥ ጠብቁት። ልጆቻችሁ በሞባይላቸው ገጽ በገጽ ፎቶ ያንሱት። ለገንዘብ ብላችሁ ለነጋዴ አትስጡት። መንዙማ የሚያውቁ እናቶችና አባቶች ካሉም ድምፃቸውን በሕይወት እያሉ ቅዱ።

ለነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መጀመሪያ በወረደው ወሕይ ውስጥ ማንበብና ብዕር ተጠቅሰዋል። የብዕርን ፍሬ መጠበቅ የዚህ ኡማ ሥራ ነው። አላህ (ሱ.ወ.) አደራችንን የምንወጣ ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።