ፍትሐ ማኅደር

በአሜሪካ ቤት ሊከራይ፣ ሊገዛ ወይም ለቤት መግዣ ገንዘብ ሊበደር የተነሣ ሰው፣ በአከራይ ጽሕፈት ቤትም ሆነ በባንክ ግድግዳ ላይ፣ በውስጡ የእኩልነት ምልክት ያለበትን የቤት ሥዕል ማየቱ አይቀርም፤ ይህ ምልክት የቆመለት ሕግ በአገሬው አነጋገር «ፌር ሃውዚንግ» ይባላል። እኛ በአማርኛ «ፍትሐ ማኅደር» ብለን እንተረጉመዋለን። ፍትሕ ከ«ፍትሐ ነገሥት» ጀምሮ አንባቢ የሚያውቀው ቃል ሲሆን፣ ማኅደርም «ኀደረ» ከሚለው የግዕዝ ግስ ወጥቶ፣ ዛሬ ለመዝገብና ለመጽሐፍ መያዣ ቢነገርም፣ በጥንተ ትርጉሙ ሰው የሚያድርበትንና የሚኖርበትን ስፍራ ያመለክታል።

ፍትሐ ማኅደር ማለት እንግዲህ፣ ሰው ቤት ሲከራይ፣ ሲገዛ ወይም ለቤት ሲበደር፣ በዘሩ፣ በቀለሙ፣ በሃይማኖቱ፣ በትውልድ ሀገሩ፣ በጾታው፣ በአካል ጉዳቱ ወይም ልጆች ያሉት በመሆኑ ምክንያት እንዳይከለከልና ከሌላው የከፋ ውል እንዳይጫንበት የሚጠብቀው ሕግ ነው። በሀገራችን የመሸበት መንገደኛ «የእግዚአብሔር እንግዳ» ብሎ ደጅ ሲቆም ማሳደር የቆየ በጎ ልማድ ነው፤ ሆኖም ያ ልማድ በባለቤቱ ቸርነት ላይ የተመሠረተ ስለ ሆነ፣ እንግዳው ይለምናል እንጂ አይጠይቅም። ፍትሐ ማኅደር የሚናገረው ግን ስለ መብት ነው፤ ኪራዩን ለመክፈልና ዕዳውን ለመመለስ የሚችል ሰው፣ ገንዘቡ ከሌላው ሰው ገንዘብ ሳያንስ፣ ማንነቱ ብቻ ተመዝኖ ደጅ እንዳይዘጋበት ይደነግጋል።

ሕጉ የተወለደው ከረጅም በደል ነው (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ከባርነት መሻር በኋላ በ1866 የወጣው የሲቪል መብት ሕግ፣ ጥቁሮች እንደ ነጮች ርስት የመግዛትና የመከራየት መብት እንዳላቸው ቢናገርም፣ በብዙ ከተማ የቤት ሻጮች «ይህ ቤት ለጥቁር አይሸጥም» የሚል ግዴታ በውሉ ውስጥ ያስገቡ ነበር፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም፣ በሴንት ሉዊስ ቤት የገዛ የአንድ ጥቁር ቤተ ሰብ ክርክር ቀርቦለት፣ እንዲህ ያለውን ውል ፍርድ ቤቶች ሊያስፈጽሙት አይገባም ብሎ የፈረደው በ1948 ነው። በዚያው መካከል መንግሥቱ ራሱ፣ በ1933 ባቋቋመው የቤት ብድር መሥሪያ ቤት አማካይነት ከ200 በላይ የሆኑ ከተሞችን ካርታ አስነሥቶ፣ ሠፈሮቹን በአራት ደረጃ ከፍሎ፣ የመጨረሻውን «አደገኛ» ብሎ በቀይ አስቀባው፤ ጥቁሮች የሚኖሩባቸውም ሠፈሮች ከሞላ ጎደል ሁሉ በቀዩ ውስጥ ወደቁ። ለቤት ብድር ዋስ እንዲሆን በ1934 የተመሠረተውም ሌላው መሥሪያ ቤት ለእነዚህ ሠፈሮች ዋስትናውን ስለ ነፈገ፣ ነጩ ሠራተኛ በዝቅተኛ ወለድ ቤት ገዝቶ ለልጆቹ ሲያወርስ፣ በሙያና በደመወዝ የሚስተካከለው ጥቁር ጎረቤቱ ዕድሜውን ሁሉ ኪራይ ሲከፍል ኖረ። «ሬድላይኒንግ» ወይም ቀይ ማስመር የሚባለው ቃል ከዚህ የመጣ ነው።

ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1966 ወደ ቺካጎ ሄዶ ስለ ቤት መብት ሰልፍ በመራ ጊዜ፣ ማርኬት ፓርክ በተባለው ስፍራ በድንጋይ ተመታ። ሴናተሮቹ ዋልተር ሞንዴልና ኤድዋርድ ብሩክ ያቀረቡት የሕግ ረቂቅ በምክር ቤት ብዙ ተቃውሞ ገጥሞት ቆይቶ፣ ኪንግ በሜምፊስ ሚያዝያ 4 ቀን 1968 ከተገደለ በኋላ፣ በሳምንቱ፣ ሚያዝያ 11 ቀን፣ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ፈረመበት። መጀመሪያ የተጠበቁት ዘር፣ ቀለም፣ ሃይማኖትና የትውልድ ሀገር ነበሩ፤ በ1974 ጾታ፣ በ1988 ደግሞ የአካል ጉዳትና የልጆች ወላጅነት ተጨመሩ።

ይህ ሕግ ብልህ የሚያሰኘው፣ በደል ሁልጊዜ በስድብ እንደማይመጣ ማወቁ ነው። አከራዩ በፈገግታ «አሁን ተይዟል» ብሎ ይሸኛል፤ ደላላው ገዢውን ከነጮች ሠፈር አርቆ «ለእናንተ የሚስማማው ወዲያ ነው» ይላል፤ ባንኩ ለአንዱ በአምስት የሚሰጠውን ወለድ ለሌላው በሰባት ያደርገዋል፤ የተበደለውም ሰው መበደሉን ሳያውቅ ይመለሳል። ስለዚህ የመብት ማኅበራት በገቢና በጠባይ የሚመሳሰሉ ሁለት ሰዎችን፣ አንዱን ጥቁር አንዱን ነጭ፣ ወደ አንድ አከራይ በተራ ይልካሉ፤ ለአንዱ «የለም» ለሌላው «አለ» የተባለ እንደ ሆነም፣ በየብቻቸው ሲሰሙ ንጹሕ የሚመስሉት ሁለት መልሶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ በደሉን ይገልጣሉ። እንዲህ የተላከው መርማሪ ራሱ ሐሰት ከተነገረው ለመክሰስ እንደሚችል ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1982 ፈርዷል።

በብድር ረገድም በ1974 የወጣው የብድር እኩልነት ሕግ አበዳሪዎችን ከአድልዎ ይከለክላል፤ በ1975 የወጣውም ባንኮች የቤት ብድር የሰጡበትን ሠፈር ለሕዝብ እንዲያስታውቁ ያዛል። ለአካል ጉዳተኛ አከራዩ ደንቡን በአግባቡ ማሻሻል አለበት፤ ለምሳሌ እንስሳ በማይገባበት ሕንፃ ዓይነ ስውሩ መሪ ውሻውን ይዞ እንዲኖር ይፈቅዳል። ይሁን እንጂ ሕጉ መክፈል ለማይችል ሰው ቤት ስጡ አይልም፤ አከራዩ የሁሉንም ገቢና የብድር ታሪክ በአንድ ሚዛን እስከ መረመረ ድረስ እምቢ ለማለት ይችላል።

የተበደለ ሰው ቀኑን፣ የተነገረውን ቃልና የተናገረውን ሰው ስም ወዲያው ጽፎ፣ ደብዳቤና መልእክትም ቢኖር ጠብቆ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ «ሃድ» በሚል አኅጽሮት ለሚታወቀው የቤቶችና የከተማ ልማት መሥሪያ ቤት ያለ ክፍያ ለማመልከት፣ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ ፍርድ ቤት ለመክሰስ ይችላል፤ ስላመለከተም አከራዩ ሊበቀለው አይፈቀድም።

በዋሽንግተን፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድርያ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ይህ ሁሉ የሩቅ ወሬ አይደለም። እንግሊዝኛው የአማርኛ ቃና ስላለው ብቻ ቤት የተከለከለ ሰው በትውልድ ሀገሩ እንደ ተበደለ ይቆጠራል፤ አቤት ለማለትም ማፈርና መፍራት አይገባውም። ነገር ግን ከመካከላችን ዛሬ ቤት ገዝተው አከራይ የሆኑ ብዙዎች ስላሉ፣ ሕጉ በእነርሱም ላይ እንደሚሠራ መታወቅ አለበት። ባለቤቱ ራሱ የሚኖርበትና ከአራት የማይበልጥ መኖሪያ ያለው ሕንፃ ከብዙዎቹ የሕጉ ድንጋጌዎች ነጻ ቢሆንም፣ አድልዎ ያለበትን ማስታወቂያ መከልከሉ ለእርሱም ይጸናል፤ ዘርን በሚመለከትም የ1866ቱ ሕግ ይህን ነጻነት አያውቅም። ስለዚህ ቤዝመንቱን ለማከራየት «ለሐበሻ ብቻ» ብሎ የሚያስታውቅ ወገናችን፣ ሐሳቡ ወገኑን መርዳት እንኳ ቢሆን፣ ሕጉን ይተላለፋል። ትናንት በሌላው ደጅ እንዳንመለስ የጠበቀን ፍትሕ ዛሬ በእኛ ደጅ ሌላው እንዳይመለስ ሲጠይቀን፣ ያለ ማጉረምረም ልንታዘዘው ይገባናል፤ ፍትሐ ማኅደር ለተከራይ መብት በሆነበት ልክ ለአከራይ ግዴታ ነውና።