ከወለቃ ገበያ እስከ አሽዶድ ስልክ

በእስራኤሏ አሽዶድ ሹሩባ የምትሠራ፣ እንጀራ ጋግራ የምታስረክብ ወይም ሠርግ የሚቀርጽ ኢትዮጵያዊ ዛሬ ደንበኛ የሚፈልገው በስልኩ ነው። ይህን ብዙ ሰው ዘመን ያመጣው እንግዳ ነገር ያደርገዋል። የሙያውን ታሪክ ወደ ኋላ ስናየው ግን እንግዳው በመሀል የገባው የጽሑፍ ማስታወቂያ ነው። ርስት የተነፈጉት ቤተ እስራኤል፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁድ፣ በጎንደር አገር ከኖሩባቸው መተዳደሪያዎች አንዱ የእጅ ሥራ ነበር፤ ወንዱ ብረት ይቀጠቅጣል፣ ይሸምናል፣ ሴቷ ሸክላ ትሠራለች። ገዢው ክርስቲያን ጎረቤት ነው፤ ማረሻውና እንስራው ገበያ ላይ ይታያል፣ የገዛው ለሌላው ያወራል። በጎንደር አጠገብ ባለችው ወለቃም የሸክላ ምስሎች በመንገድ ዳር ተደርድረው ለአላፊው ቱሪስት ይሸጡ ነበር። ንግዱ በዓይንና በአፍ የሚካሄድ፣ ፊደል የማይጠይቅ ነበር።

«ጥሩ ሥራ ራሱን ይሸጣል፣ ማስታወቂያ ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። ይህን የሚያፈርሰው እዚያው ጎንደር ያለው ታሪክ ነው። ገበሬው ማረሻውን ከቀጥቃጩ ገዝቶ ሲያበቃ ቀጥቃጩን ቡዳ ይለው ነበር። ሥራው ተፈላጊ ሆኖ ሠሪው ተፈርቷል። ስለዚህ ስለ ዕቃው ብቻ ሳይሆን ስለ ሠሪው ማንነትም የሚናገር አንደበት ያስፈልጋል፤ የማስታወቂያ ዋናው ሥራም ይህ ይመስለኛል።

አሽዶድ እ.ኤ.አ. በ1956 የተቆረቆረች፣ ወደቧ በ1965 የተከፈተ፣ ከሞሮኮ ጀምሮ እስከ ሶቭየት ኅብረት በመጡ ስደተኞች የሞላች ከተማ ናት። በ1984 እና 85 በሙሴ ዘመቻ፣ ከዚያም በግንቦት 1991 በአንድ ቀን ተኩል ከ14,000 በላይ ሰው ባጓጓዘው የሰለሞን ዘመቻ የመጣው ወገናችን እስራኤል ሲደርስ፣ ባለሙያ የሚፈለገው በዕብራይስጥ ጋዜጣና በቢጫው የስልክ ማውጫ ነበር። ከገጠር የመጡ ብዙ ወላጆች ግን ዕብራይስጥ ቀርቶ አማርኛም አያነቡም። የሙያቸው ዝና ከምኩራብ ደጅ፣ ከሠርግና ከለቅሶ ቤት አላለፈም። ኢንተርኔት ሲመጣም ወዲያው የተለወጠ ነገር የለም። ጉግል በ2000 የጀመረው ማስታወቂያም ሆነ የያኔው ድረ ገጽ የተገነባው በፊደል ነው፤ ባለሙያዋን ከቀድሞው ማውጫ ባልተለየ መንገድ በር ላይ አስቀርቷታል። በሩ የተከፈተው ስልክ ሥዕልና ድምፅ መሸከም ሲጀምር ነው። ዋትሳፕ በ2013 የድምፅ መልእክት ሲጨምር፣ መጻፍ የማትችል እናት የዛሬውን እንጀራዋን ፎቶ አንስታ፣ ዋጋውን በራሷ ድምፅ ተናግራ ለደንበኞቿ ላከች። ወለቃ ላይ የነበረው ማሳየትና ማውራት በዚህ መንገድ ተመለሰ፤ የሠሪዋም ድምፅ አብሮ ተሰማ።

ሌላው ተቃውሞ ብርቱ ነው፦ የዋትሳፕ ቡድን ከወገን ክበብ አያወጣም ይባላል። ለእንጀራ ይህ እምብዛም አይጎዳም፣ ገዢው ወገን ነውና። ሹሩባ ሠሪዋና የሠርግ ቀራጩ ግን ሩሲያኛና ፈረንሳይኛ ተናጋሪውንም ይፈልጋሉ፤ ቀጥቃጩም የሚሸጠው ለሌላ ሃይማኖት ሰው እንደነበር መርሳት አይገባም። ለዚህ የሚበጀው ጉግል በነጻ የከፈተው የንግድ ቤት መመዝገቢያ ነው። አድራሻን በካርታ ያሳያል፣ ፎቶ ይቀበላል፣ የደንበኛን አስተያየትም ያስነብባል። የማይታወቅ ሰው አስተያየት የጎረቤትን ምስክርነት አያህልም፣ ሐሰተኛም ይገባበታል፤ ቢሆንም ጎረቤት ለሌለው እንግዳ ደንበኛ ሌላ ምስክር የለም። ዕብራይስጡን ልጆች ቢጽፉት፣ ፎቶውንና ድምፁን እናት ብትይዝ ሥራው የሁለቱም ይሆናል።

ለሚጀምሩት አንድ ማሳሰቢያ አለ። ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የእስራኤል ሕግ መሠረት፣ ተቀባዩ አስቀድሞ ሳይስማማ በኢሜይል ወይም በስልክ አጭር መልእክት ማስታወቂያ የላከ ሰው፣ ጉዳት መድረሱ ባይረጋገጥም እንኳ ለአንዱ መልእክት እስከ 1,000 ሼቄል ሊፈረድበት ይችላል። ስለዚህ ከመላካችሁ በፊት ደንበኛውን አስፈቅዱ።