ስለ ከባድ ቃላትና ስለ ሁለት መዝገበ ቃላት

ያልተለመዱ የእንግሊዝኛ ቃላት ተሰጥተውን «ዐረፍተ ነገር ሥሩባቸው» ስንባል፥ «ፍችውን ማወቅ አይበቃምን?» እያልን የምናጉረመርም ብዙዎች ነን። ነገሩ የቆየ ታሪክ አለው።

በ1604 እ.ኤ.አ. ሮበርት ካውድሪ የሚባል አስተማሪ የመጀመሪያውን የእንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አሳተመ። ከላቲን፥ ከግሪክና ከፈረንሳይኛ የገቡ 2500 ያህል ከባድ ቃላትን በአጭር በአጭሩ ፈታ። (አንባቢው የፊደሉን ተራ በቃሉ እንዲያጠናም መክሮአል፤ ይህንስ እኛ ከሕፃንነታችን እናውቃለን!) ነገር ግን ቃሉ በንግግር ውስጥ እንዴት እንደሚገባ አላሳየም።

በ1755 እ.ኤ.አ. ሳሙኤል ጆንሰን ከ42000 በላይ ቃላት ያሉበትን መዝገብ ሲያወጣ፥ ከደራስያን የለቀማቸውን ከ100000 የሚበልጡ ጥቅሶች ጨመረበት። «ቴክ» ለተባለችው ተራ ቃል ብቻ 134 ፍች አወጣላት፤ ይህ ሁሉ ፍች ከምሳሌ በቀር በምን ይለያል? እኛ ለፈተና በደብተራችን የምንይዘው ግን ዛሬም የካውድሪን መዝገብ ይመስላል፤ ቃል በግራ፥ ፍች በቀኝ።