የልደታችን ቀን በማን መዝገብ?

እንኳን አደረሰህ ማለት የሰው ሥራ ነበር። ዛሬ ግን የሥራ ባልደረቦች በስልክ በሚወያዩባቸው ቡድኖች ውስጥ ይህን ሥራ የተረከበ አንድ የማይታይ ሎሌ አለ። የሠራተኛው የትውልድ ቀንና የተቀጠረበት ቀን አንድ ጊዜ ከተሞላለት፣ ዕለቱ በደረሰ ቁጥር ማንም ሳያዘው ከኬክ ሥዕል ጋር መልካም ምኞቱን ያሰፍራል። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ይሁንና፣ ውድ አንባቢ፣ ይህ ሎሌ የሚያውቀው ቀን ከየት መጣ?

አያቶቻችን የልደት ቀን ነበራቸው፤ ዓመታዊ ግን አልነበረም። በ12 የተወለደው የሚካኤል፣ በ21 የተወለደችው የማርያም ናት፤ ቀኑ በየወሩ ይመለሳል። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሣለች፤ ድግሱም ያን ጊዜ ነው። ዓመቱማ «በጣልያን ጊዜ» እየተባለ ይነገራል። በምሥራቅ ሸዋ፣ በዱከም አጠገብ ኦዳ ነቤን የገዳ ማእከሉ ያደረገው የቱለማ ኦሮሞ ደግሞ ዘመንን በስምንት በስምንት ዓመት ይቆጥራል። አንድ ሰው ከእርከን ወደ እርከን የሚሸጋገረው ከእኩዮቹ ጋር ነው። በዓሉ የአንድ ሰው ሳይሆን የትውልድ ነው።

ዓመታዊ የልደት በዓል አገር አቀፍ ሆኖ የታወቀው በንጉሠ ነገሥቱ ነበር። ሐምሌ 16፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የልደት ቀን፣ መሥሪያ ቤት የሚዘጋበት ዕለት ነበር። የተራው ዜጋ ልደት ግን መዝገብ እንኳ አልነበረውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደት መዝገብ ቢደነግግም፣ ድንጋጌው በሥራ ላይ እንዳይውል ሕጉ ራሱ አቆየው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። በዚህ መሐል ያደገው ሕፃን ለትምህርት መድረሱ የሚለካው ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሻግሮ ግራ ጆሮውን መንካት በመቻሉ ነበር። ቅጽ ሙላ ሲባል በግምት ሞላ፤ ግምቱም መዝገብ ሆነ።

አዳማ ይህን ነገር ታውቀዋለች። ከተማዋን ያሳደጋት በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የባቡር ሐዲድ ነው። በአጠገቧም ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ያቋቋመው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ማምረት ጀመረ። የወር ደመወዝ ሲመጣ የሰው ዕድሜና የቅጥር ቀን ፋይል ውስጥ ገባ። ፋይሉ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርበታል። ጡረታም በመደበኛው በ60 ዓመት ሲሆን፣ የሚቆጠረው ሠራተኛው መጀመሪያ ሲቀጠር ካስመዘገበው የትውልድ ቀን ነው። እንግዲህ ገና ልጆች የሚያስተምር የ59 ዓመት ሰው፣ በግምት የሞላው ቀን በባልደረቦቹ ፊት በኬክ ሥዕል ሲታወጅ ደስታው ምን ያህል ይሆን?

ቀኑን በትክክል የሚያውቀውም ቢሆን ከስሕተት አያመልጥም። በእንቁጣጣሽ ዕለት መስከረም 1 ቀን 1980 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ በፈረንጆች አቆጣጠር ሴፕቴምበር 12 ቀን 1987 ትባላለች። በአራት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ግን ሴፕቴምበር 12 የሚውለው መስከረም 2 ነው። ሎሌው በፈረንጅ ቀን ስለሚቆጥር እንኳን አደረሰሽ የሚላት በዓሉ ካለፈ በኋላ ነው። የትውልድ ቀናቸው ሳይታወቅ በስደተኝነት አሜሪካ የገቡ ብዙ ወገኖቻችን ደግሞ ጃንዋሪ 1 ተሰጥቷቸዋል። በዚያ ቀን ሁሉም በአንድነት «ይወለዳሉ»።

ይህ ማለት መሣሪያው ይጣል ማለት አይደለም። እኛም አስታዋሽ ነበረን፤ አለንም። የእድር ጡሩምባ ነፊ አለ፤ የማኅበር ጽዋ ተረኛ አለ። ልዩነቱ ተረኛው ሰው መሆኑ ነው። በማኅበሩ ዕለት አንዱ ቢቀር «ምን ሆኖ ነው? ታሞ ይሆን?» ይባላል፤ ሲወጡም በቤቱ በኩል ይታለፋል። ሎሌው ግን አይጠይቅም። ሐዘን ላይ ላለው ፊኛ ይልካል፤ ስሙን የሚሰርዝ ካልተገኘም ለሞተው ሰው እንኳን ተወለድክ ማለቱን አይተውም።

ስለዚህ ቀን ከፋይል ከመቅዳት በፊት ባለቤቱን «የትኛውን ቀን እናክብርልህ? ወይስ ይቅር?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ከዚያም ማሽኑ ለቡድኑ ሁሉ ከመለፈፍ ይልቅ፣ በዚያ ወር ተረኛ ለሆነው አንድ ባልደረባ በጆሮው ይንገረው። ቀኑን ማስታወስ ለመሣሪያ ይሰጥ፤ እንኳን አደረሰህ ማለቱ ግን የተረኛው ሰው ይሁን።