ንጉሡ ሲጠርግ፦ በታቦት ፊትና በሠረገላ ፊት

በሐዋሳ በጥምቀት ዕለት ወጣቶች በታቦቱ ፊት መንገድ ሲጠርጉና ምንጣፍ ሲያነጥፉ አይታችኋል። በሕንድ፣ በፑሪ ከተማ፣ የጃጋናት በዓል ሠረገሎች ከመጎተታቸው በፊት የሚጠርገው ግን ንጉሡ ራሱ ነው። «ቼራ ፓሃንራ» በሚባለው በዚህ ሥርዓት የወርቅ እጀታ ባለው መጥረጊያ የሦስቱን ሠረገሎች ወለል ይጠርጋል፤ የሰንደል ውኃም ይረጫል። መጥረግ በዚያ አገር የዝቅተኛው መደብ ሥራ መሆኑን ልብ ይሏል።

ይህን በትሕትና ብቻ መተርጎም የዋህነት ይመስለኛል። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ንጉሥ አናንጋቢማ 3ኛ የግዛቱ እውነተኛ ገዥ ጃጋናት፣ እርሱ ደግሞ እንደራሴው መሆኑን አወጀ። እንግዲህ በአምላክ አገልጋይ ላይ ማን ያምፃል? የእኛ ምንጣፍ አንጣፊ ወጣት በሥራው ዙፋን አያጸናበትም። የፑሪ ንጉሥ ዛሬ የሚገዛው አገር የለውም፤ በየዓመቱ ግን አሁንም ይጠርጋል።