የሥነ ልቡና ባለሙያና ትምህርት ቤት፤ ከጌዴኦ ታሪክ የሚገኝ ትምህርት

1. መግቢያ

እግሩ የተሰበረ ሰው ወደ ወጌሻ ሲሄድ ጎረቤት ይደግፈዋል። እንቅልፍ ያጣ፣ በድንጋጤ የሚባንን ወይም ሐዘን የጸናበት ሰው ግን የሥነ ልቡና ባለሙያ ላማክር ቢል «አእምሮው ተነካ» እንዳይባል ይሰጋል፤ በመሆኑም ችግሩን ይዞ ይቀመጣል። ይህ ስጋት ያለምክንያት የመጣ አይደለም፤ አገልግሎቱ በሀገራችን ከተጀመረበት መንገድ ጋር የተያያዘ የራሱ ታሪክ አለው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህን ታሪክ ባጭሩ መርምሮ፣ በጌዴኦ ዞን የደረሰውን ሁኔታ በማስረጃነት በመውሰድ፣ የሥነ ልቡና ባለሙያ ጥቅም ሕመም ለጸናባቸው ሰዎች ብቻ የተወሰነ አለመሆኑንና ትምህርት ቤትም ለአገልግሎቱ ዋነኛ በር ሊሆን እንደሚችል ማስረዳት ነው።

2. የአገልግሎቱ አመጣጥ

ሥነ ልቡና ራሱን የቻለ የምርምር ዘርፍ ሆኖ የታወቀው ቪልሄልም ቩንት በ1879 እ.ኤ.አ. በጀርመን ሀገር በላይፕሲግ ከተማ ቤተ ሙከራ ካቋቋመ ወዲህ ነው። ዕውቀቱ የሰውን ችግር ለመፍታት እንዲውል መነሻ የሆነችው ግን አንዲት መምህርት ነበረች። ይህች መምህርት በ1896 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በፊላዴልፊያ ከተማ፣ ቃላትን በትክክለኛ ፊደላቸው መጻፍ ያቃተውን ተማሪ ወደ ፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ወስዳ ላይትነር ዊትመር ለተባለው ምሁር አቀረበችው። ዊትመር ልጁን ሲመረምር የዓይን ጉድለት አገኘበት፤ መነጽር እንዲደረግለትና በተለየ ዘዴ እንዲማር አደረገ። በዚያው ዓመትም የመጀመሪያው የሥነ ልቡና ክሊኒክ ተቋቋመ። እንግዲህ ክሊኒኩ የተነሣው «ይህ ልጅ ለምን አልቻለም?» ከሚል የመምህር ጥያቄ መሆኑን ልብ ይሏል።

በሀገራችን አካሄዱ የተለየ ነበር። በ1930 ዓ.ም. በጣሊያን ወረራ ዘመን በአዲስ አበባ የተቋቋመው የአማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የሀገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ኖረ። ከሩቅ አገር ወደዚያ የሚመጣው በአብዛኛው ሕመሙ የከፋበት፣ ቤተሰቡም ተስፋ የቆረጠበት ሰው ስለ ነበር፣ የሆስፒታሉ ስም በሕዝብ አንደበት የእብደት ሌላ ስም ሆነ። የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ሥልጠና በ1987 እ.ኤ.አ.፣ የአእምሮ ሐኪሞች የስፔሻሊቲ ትምህርት ደግሞ በ2003 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተጀመረ። ሥነ ልቡና በበኩሉ በመምህራን ማሠልጠኛዎች የማስተማር ዘዴ አጋዥ ሆኖ ይሰጥ ነበር። ስለዚህ ሕክምናው ከትምህርት ቤት ርቆ፣ ዕውቀቱም በፈተና ወረቀት ላይ ተወስኖ ቆየ።

ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ዲላ በ1996 እ.ኤ.አ. የመምህራን ትምህርትና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ተከፈተባት፤ ኮሌጁም ኋላ ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። መምህርና የጤና ባለሙያ በአንድ ተቋም ሥር መሠልጠናቸው፣ ከዚህ በታች እንደሚታየው፣ ለዞኑ ትልቅ ዕድል ነው።

3. የጌዴኦ የዕርቅ ሥርዓትና ወሰኑ

የጌዴኦ ሕዝብ የተጎዳውን ሰው የሚያጽናናበትና የሚመክርበት ሥርዓት አጥቶ አያውቅም። በእንሰትና በቡና ጥላ ሥር የኖረው ይህ ሕዝብ፣ መልክዓ ምድሩ በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበለት ሲሆን፣ ባሌ በተባለው የዕድሜ እርከን ሥርዓቱና ሶንጎ በተባለው የሽማግሌዎች ጉባኤ ጠብን ሲዳኝ ኖሯል። ከጉጂ ኦሮሞ ጋር ደም ያፋሰሰ ግጭት ሲደርስም ጎንዶሮ የተባለው የዕርቅ ሥርዓት ይፈጸማል። የሥነ ልቡና አገልግሎት ይህን ሥርዓት ሊተካ አይገባውም፤ አይችልምም።

ይሁን እንጂ የሁለቱ ተግባር አንድ አይደለም። ዕርቅ በሰዎች መካከል የተበጠሰውን ግንኙነት ይቀጥላል፤ በአንድ ሰው ውስጥ የቀረውን ድንጋጤ ግን ሁልጊዜ አያስወግድም። ሰው ከልቡ ይቅር ብሎም ሌሊት በቅዠት ሊባንን ይችላል። ከዚህም ሌላ ጉባኤ የአደባባይ ሥርዓት ነው። አንዲት ልጃገረድ በስደት መንገድ ላይ የደረሰባትን ነገር በሽማግሌዎች ፊት ለመናገር ልትቸገር ትችላለች። ለእንዲህ ያለው ጉዳት ምስጢር የሚጠበቅበት ክፍልና ማዳመጥን የተማረ ሰው ያስፈልጋል።

4. የ2010 ዓ.ም. መፈናቀልና ትምህርት ቤቶች

በ2010 ዓ.ም. በሚያዝያና በሰኔ ወራት በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ። ከተፈናቀሉት የሚበልጡት በጌዴኦ ዞን ተጠለሉ። ትምህርት ቤቶች፣ አብያተ ክርስቲያናትና የመንግሥት ሕንፃዎች መጠለያ ሆኑ። በገደብ ወረዳ በጎቲቲ የተሰበሰቡት ተፈናቃዮች የደረሰባቸው ረኀብም በ2011 ዓ.ም. የሀገሪቱ ዐቢይ መነጋገሪያ ነበር። በዚያው ዓመት አብዛኞቹ ወደየቀያቸው እንዲመለሱ ተደረገ።

የመፈናቀሉ ጉዳት በቤትና በንብረት ብቻ አልተወሰነም። በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት፣ በጌዴኦ ዞን ከተጠየቁት ተፈናቃዮች መካከል ከግማሽ የሚበልጡት ከአስደንጋጭ አደጋ በኋላ የሚከሰት የመንፈስ መታወክ ምልክቶች እንደታዩባቸው አመልክቷል። እርግጥ በመጠይቅ የሚገኝ ውጤት የምልክት መለኪያ እንጂ በባለሙያ ምርመራ የተረጋገጠ ሕመም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትም ግጭት ባለባቸው አካባቢዎች ከአምስት ሰዎች አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር እንደሚኖርበት ይገምታል። ዝቅተኛው ግምት እንኳ ቢወሰድ፣ ሠላሳ ተፈናቃይ ተማሪዎች ባሉበት ክፍል መምህሩ ጥቂት የማይባሉ የተጎዱ ልጆችን እያስተማረ መሆኑን ማሰብ ይገባዋል።

እንዲህ ያለው ልጅ ራሱን «ታምሜአለሁ» አይልም። በር ሲዘጋ ይደነግጣል፤ ሐሳቡን መሰብሰብ ያቅተዋል፤ ከጓደኞቹ ይርቃል ወይም በትንሽ ነገር ይጣላል። ምክንያቱ ያልታወቀው መምህር ይህን ሁሉ ስንፍና ወይም ባለጌነት ነው ብሎ ሊቀጣው ይችላል። ቅጣቱም ፍርሃቱን ያባብስበታል፤ ልጁ በመጨረሻ ትምህርቱን ጥሎ ይወጣል።

5. የባለሙያው ጥቅም

የሥነ ልቡና ባለሙያና የአእምሮ ሐኪም አንድ አይደሉም። ሐኪሙ መድኃኒት ያዛል፤ የሥነ ልቡና ባለሙያው ግን በዋነኛነት የሚሠራው በተደራጀ ውይይትና ልምምድ ነው። በመጀመሪያ ችግሩን ከባለጉዳዩ ጋር ሆኖ ለይቶ ይሰይማል። ስም ያልነበረው ፍርሃት ስም ሲያገኝ ሰውየው እንዳላበደና ብቻውን እንዳልሆነ ይረዳል። ቀጥሎም እንቅልፍን፣ አተነፋፈስንና የዕለት ሥራን መልክ የሚያስይዙ ልምዶችን ያስተምረዋል፤ የሚሸሸውንም ነገር ቀስ በቀስ እንዲጋፈጥ ይረዳዋል። የከበደ ሕመም ያየ እንደ ሆነ ወደ ሐኪም ይልካል። ለዚህ ሁሉ ከዘመድ ምክር የሚለየው፣ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ ያለበት፣ የማይፈርድና ከጉዳዩ ጥቅም የሌለው ሰው መሆኑ ነው።

6. ማጠቃለያ

ከላይ ከተመለከተው ታሪክ የሚከተሉት ሐሳቦች ይወጣሉ።

ሀ/ የመምህሩ ተግባር ማስተዋል፣ ማዳመጥና መላክ ነው። በሽታ መሰየም የእርሱ ሥራ አይደለም። ልጁ ያየውን ሁሉ በክፍል ፊት እንዲናገር ማስገደድም ጉዳቱን ሊያብስበት ስለሚችል መወገድ አለበት።

ለ/ ትምህርት ቤት ተማሪው ያለ ኀፍረት የሚገባበት ቦታ ነው። የምክር ክፍል በዚያ ቢኖር፣ ተማሪው ወደ ሆስፒታል ሳይሄድና ስም ሳይወጣለት ርዳታ ሊያገኝ ይችላል። ክፍሉ ግን የንብረት ማከማቻ ወይም የዲሲፕሊን ኮሚቴ መሰብሰቢያ መሆን የለበትም፤ የሚቀጣና የሚያዳምጥ አንድ ሰው ከሆነ ተማሪ አይመጣም።

ሐ/ የዲላ ዩኒቨርሲቲ የመምህራንና የጤና ሥልጠና ዘርፎች ከወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ጋር ቢቀናጁ፣ በየትምህርት ቤቱ ባለሙያ እስኪመደብ ድረስ ለብዙ ትምህርት ቤቶች በየተራ የሚደርስ አገልግሎት ማደራጀት ይቻላል።

መ/ የሶንጎ ሽማግሌዎች በዚህ ሥራ ቢሳተፉ ኀፍረቱ ይቀንሳል። ሽማግሌ «ሂድና አማክር» ያለውን ሰው ጎረቤት በቀላሉ አይስቅበትም።

የፈረሰ ቤት ሲሠራና የተዘጋ ትምህርት ቤት ሲከፈት ሥራው በዓይን ስለሚታይ በዕቅድ ይያዛል። በውስጡ የተጎዳው ልጅ ግን በዓይን አይታይም። ዕቅድ አውጪው ወንበርና መጽሐፍ ሲቆጥር ይህንንም ልጅ አብሮ እንዲቆጥር ያስፈልጋል።