በእሳት የተጎዳን ቅርስ ቤት ከአዲስ የመኖሪያ ሕንፃ ጋር ማጣመር

በቃጠሎ የተጎዳ ታሪካዊ ቤት ዕጣ ፈንታው በአብዛኛው የሚወሰነው ከአደጋው በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ነው። ቤቱ ለአደጋ ያጋልጣል ተብሎ ወዲያውኑ ከፈረሰ፣ ኋላ በቦታው ከሚሠራው ፎቅ ጋር የሚጣመር ነገር አይኖርም። ግድግዳው ተደግፎ፣ ጉዳቱም ተለክቶና ተመዝግቦ ከቆየ ግን ቅርሱንና ልማቱን አጣጥሞ ማስኬድ ይቻላል።

የጉዳቱ መጠን

ጣሪያና የወለል አግዳሚዎች ግድግዳዎችን እርስ በርስ አያይዘው ስለሚይዙ፣ እነርሱ ሲቃጠሉ ግድግዳው ለነፋስና ለዝናብ ይጋለጣል። በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ግንብ ከእሳቱ ባልተናነሰ ሁኔታ ለማጥፊያ በሚረጨው ውኃ ይጎዳል። ወፍራም እንጨት በአንጻሩ ላዩ ከስሎ ውስጡ ጤነኛ ሊሆን ስለሚችል፣ በዓይን ታይቶ ብቻ ሊጣል አይገባም።

በእንግሊዝ አገር የሚገኘው አፕፓርክ የተባለ ጥንታዊ መኖሪያ እ.ኤ.አ. በ1989 ጣሪያው በመጠገን ላይ ሳለ በተነሣ እሳት ተቃጥሏል። ሆኖም ፍርስራሹ ሳይጣል ተለቅሞና ተለይቶ በመቀመጡ፣ የተረፉት የጌጥ ክፍሎች ለእድሳቱ አገልግለው ቤቱ በ1995 ለጎብኚዎች ተከፍቷል።

ከፎቅ ጋር ማጣመር

አሮጌን ቤት ከመኖሪያ ፎቅ ጋር ለማጣመር በካናዳ፣ ቶሮንቶ ከተማ የሚገኘው የጄምስ ኩፐር መኖሪያ በምሳሌነት ይጠቀሳል። ይህ ቤት የእሳት አደጋ የደረሰበት ባይሆንም፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ከመሠረቱ ተነሥቶ በዚያው ይዞታ ውስጥ ወደ ሌላ ስፍራ ተዛውሯል፤ ከዚያም ከ30 ፎቅ በላይ ከፍታ ያለው የመኖሪያ ሕንፃ አካል ሆኗል።

በእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ከፍተኛ ጥንቃቄ የሚጠይቀው የመሠረት ቁፋሮ ነው። ጥልቅ ጉድጓድ በአጠገቡ ሲቆፈር አሮጌው መሠረት ሊሰምጥ ስለሚችል፣ አፈሩ በቅድሚያ በደጋፊ ግንብ ይያዛል፤ የስንጥቆች ስፋትም በየጊዜው ይለካል። ሁለቱ ሕንፃዎች የሚሰምጡበት መጠን ስለሚለያይ በመካከላቸው ክፍተት ይተዋል። የፊት ግድግዳውን ብቻ አስቀርቶ ውስጡን ማፍረስ ወጪ ሊቀንስ ይችላል፤ ነገር ግን ደረጃው፣ ክፍሎቹና የአሠራር ጥበቡ ይጠፋሉ።

የአገራችን ሁኔታ

በአዲስ አበባ በእቴጌ ጣይቱ ብጡል የተመሠረተው የጣይቱ ሆቴል ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በደረሰበት ቃጠሎ ከፍተኛ ጉዳት ቢደርስበትም አልፈረሰም፤ ሥራውንም ቀጥሏል። አደጋው በእንጨት የተሠሩ የፒያሳና የአካባቢው ነባር ቤቶች ምን ያህል ለእሳት የተጋለጡ እንደሆኑ አሳይቷል።

ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ማንኛውም የቅርስ ጥገናና እድሳት የሚመለከተውን ባለሥልጣን ፈቃድ በቅድሚያ እንዲያገኝ ደንግጓል። በመሆኑም በየደረጃው የሚገኙ የሥራ ኃላፊዎች የማፍረሻ ትእዛዝ ከመፈረማቸው በፊት ቤቱ በቅርስነት መመዝገቡን ማረጋገጥ፣ ግድግዳውን ማስደገፍ፣ በፎቶግራፍና በልኬት ማስመዝገብ፣ በመጨረሻም የመዋቅር መሐንዲስና የቅርስ ባለሙያ በጋራ የሚሰጡትን አስተያየት መጠበቅ ይገባቸዋል። የተጎዳ ቤት ሊጠገን ይችላል፤ የፈረሰ ግን በቅጂ እንጂ በራሱ አይመለስም።